ዓሣው በሽግግር ላይ ነው

በዚህች ምድር ላይ ለዓሣ ክብር የቆመ ድርጅት አለ ከተባለ የእኛ የባስ አጥማጆች ማኅበር ነው። ሌላው ሕዝብ ዓሣ ሲይዝ ይጠብሰዋል። እኛ ግን ባስ የሚባለውን ዓሣ ስንይዝ እንመዝነዋለን፣ አቅፈነው ፎቶ እንነሣለን፣ እናጨበጭብለታለን፣ በመጨረሻም በሰላም ያግባህ ብለን ወደ ሐይቁ እንመልሰዋለን። በበዓላችን ላይ የሚጠበሰው ከገበያ የተገዛ ሌላ ዓሣ ነው፤ እሱ የሚከራከርለት ማኅበር የለውም። የደንባችን አንቀጽ ሦስት "ማንኛውም ባስ ክብሩ ተጠብቆ ወደ ተፈጥሮ ኑሮው ይመለሳል" ይላል። የመመለሱ ሥነ ሥርዓት የሚፈጸመው ሚዛኑ ካለበት፣ ውኃው ላይ ከተዘረጋው የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ ነው። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው እዚያ ስለሆነ ሌላ ቦታ መልቀቅ ዓሣውንም ቅር ያሰኘዋል።

ሊቀ መንበራችን ሌስተር ፕሩይት ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ፣ መልስ ሳይሰጥ ሲያዳምጣቸው ስለኖሩ ለአመራር የተፈጠሩ ናቸው። ዘንድሮ ከየካቲት ጀምሮ፣ ባሱ እንቁላል ሊጥል ወደ ዳርቻው ሲወጣ፣ በየቅዳሜው ውድድር የዓሣ መዓት ተያዘ። በዚያ ወቅት መንጠቆ መወርወር የቻለ ሁሉ ሊቅ ነው። ሌስተር ግን የአመራራችን ፍሬ ነው አሉ፤ እኛም አጨበጨብን።

ግንቦት ተጋምሶ ጸደይ ለበጋው ሊለቅ ሲሰናዳ ዓሣው ድንገት ጠፋ። በአላባማ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲንቃቃ የዋለ አጥማጅ ሁሉ ጀልባው ላይ ያለውን የዓሣ ገንዳ ባዶውን ይዞ ይመለስ ጀመር። ሌስተር ወዲያው ስብሰባ ጠሩ።

"ዓሣው አልጠፋም" አሉ፣ ማይክሮፎኑን እንደ ጥርስ መሰርሰሪያ ወደ አፋቸው አስጠግተው። "ዓሣው በሽግግር ላይ ነው። ሽግግር ባለበት ሁሉ ጊዜያዊ እጥረት ይኖራል። ከአባላት የሚጠበቀው ትዕግሥትና ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ነው።"

ይህን የመሰለ ጥልቅ ንግግር ሰምተን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ ጨረቃን፣ የአየሩን ግፊትና የማዶውን መንደር ማኅበር ጥፋተኛ አድርጎ አገኘ። ሞተሮች በትልልቅ ሞተሮች ተተኩ። በየጀልባው ላይ የውኃውን ሆድ ዕቃ የሚያሳይ ስክሪን ተተከለ፤ የአንዳንዱ ስክሪን ስፋት ቤቱ ካለው ቴሌቪዥን ይበልጣል። ቅዳሜ ማለዳ ፓስተሩ ጸልየው፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ሁላችንም ከመድረኩ እየተፈተለክን በሐይቁ ሌላኛው ጫፍ እስካለው ግድብ እንበርራለን። ማታ ያየነውን ጉድጓድ ሁሉ እያወራን እንመለሳለን፤ ዓሣ ግን የለም።

ዓሣ ሲያልቅ ጥርጣሬ ይበዛል። እነእገሌ ከሌላ ሐይቅ ዓሣ ደብቀው ያመጣሉ የሚል ወሬ ተነሣ። በአገራችን አጥማጅን "የት ያዝከው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የተጠየቀውም በትሕትና ይዋሻል፤ ጠያቂው የተነገረውን ቦታ ትቶ በተቃራኒው ይሄዳል። አያት ቅድመ አያቶቻችን በዚህ መንገድ ተከባብረው ኖረዋል። ሌስተር ግን ዘመናዊ ሰው ናቸውና፣ ኦዴል የሚባለውን ጡረተኛ የፖሊስ ምክትል ሸሪፍ ከነውሸት መመርመሪያ መሣሪያው አስመጡት። ከእንግዲህ ያሸነፈ ሁሉ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ደረቱና ጣቱ ላይ ሽቦ ይታሰርለታል፣ ይጠየቃል። መሣሪያው ወረቀት ላይ የሚጭሩ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች አሉት፤ ሰውየው ሲዋሽ ይዘላሉ። የውሸታሞች ማኅበር በገዛ እጁ ይህን ዕቃ ማስገባቱ ከድፍረታችን ሁሉ ትልቁ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ወደ ቨርሎን ስቶከር ልምጣ። ቨርሎን ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ተወዳድሮ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ጀልባው ግን ከማንም ጀልባ ይበልጥ ታበራለች። ጋራዡ ውስጥ የምትተኛው እሷ ናት፤ የሚስቱ የናዲን መኪና ደጅ ያድራል። በመጋቢት የወረደው በረዶ የመኪናዋን ጣሪያ ቀጥቅጦ የእንቁላል ማስቀመጫ አስመስሎታል። ናዲን ስለዚህ የተናገረችው አሁን ከምተርክላችሁ ውድድር በፊት ባለው ዓርብ ነው፤ በአጥር ስለምንዋሰን ሰምቻለሁ።

"ቨርሎን፣ ነገ ዋንጫ ይዘህ ከገባህ፣ ጀልባህ ጋራዡ ውስጥ ዕድሜ ልኳን ትኑር። ባዶህን ከመጣህ ግን ሰኞ ትሸጣለች።"

"ማሬ፣ ዓሣው እኮ በሽግግር ላይ ነው።"

"እኔም በሽግግር ላይ ነኝ" አለችው።

ምስኪን ቨርሎን ሌሊቱን ሦስት ስክሪኖች አብርቶ ሲለማመድ አደረ። ጠዋት ጀልባዎች ሁሉ እያጓሩ ሲወጡ የእሱ ሞተር አንዴ አክ ብሎ ዝም አለ። ስክሪኖቹ ባትሪውን ጨርሰው በልተውታል። መድረኩ ላይ ናዲንና ሌሎች ሴቶች ለዕለቱ የዓሣ ጥብስ ዘይት ማፍላት ጀምረው ነበር። ጀልባዋ ቆማ ናዲን ብታየው ነገሩ ያኔውኑ ያበቃል። ስለዚህ ቨርሎን በመቅዘፊያ እየገፋ መድረኩ ሥር ገብቶ ተደበቀ። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከሚስቱ እግር በታች ተቀምጦ፣ ከመሰልቸቱ የተነሣ የላስቲክ ትል መንጠቆው ላይ ሰክቶ ወደ ታች ለቀቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ከግድቡ ባዶ ገንዳችንን ይዘን ስንመለስ እሱም ከመካከላችን ብቅ አለ። ሚዛኑ ላይ አምስት ባስ ደረደረ። እያንዳንዱ ሕፃን ልጅ ያህላል። የገንዳው ፓምፕ ያለ ባትሪ ስለማይሠራ፣ ባርኔጣው ለዓሣዎቹ ውኃ ሲቀዳበት ውሎ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ናዲን ጭልፋዋን እንደያዘች አፏ ተከፈተ፤ ቨርሎን ወደ እሷ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም እንዲያው ደስ አለኝ። የደስታ ጊዜው ግን ኦዴል ሽቦውን እስኪያስርለት ድረስ ብቻ ነው።

"ስምህ ቨርሎን ስቶከር ነው?"

"አብረን አይደል እንዴ የተማርነው ኦዴል?"

"አዎ ወይም አይደለም በል።"

"አዎ።"

"ዓሣዎቹን ዛሬ፣ በዚሁ ሐይቅ፣ በራስህ ዘንግ ነው የያዝካቸው?"

"አዎ።"

መርፌዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ኦዴል ሽቦውን ሊፈታ ሲል ሌስተር እጃቸውን አነሡ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ተረት የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

"አንድ ጥያቄ ልጨምር። የት ነው የያዝካቸው?"

ሕዝቡ በድንጋጤ "ኧረ!" አለ፤ ብሎም ጆሮውን አቀና። ቨርሎን ዋንጫውን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ ናዲንን አየ። ቢዋሽ መርፌው ይዘላል፣ ድሉ ይሰረዛል፣ ጀልባዋ ትሄዳለች።

"እዚሁ" አለ በቀጭን ድምፅ።

"እዚህ ማለት?"

"ከእግራችሁ ሥር። ሞተሬ አልነሣ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ከመድረኩ አልራቅኩም።"

"እኔ እኮ ኤሊ የሚንቦጫረቅ መስሎኝ ነበር!" አለች ናዲን።

ሳቁ ሐይቁን አናጋው። ሳቃችንን ስንጨርስ ወረቀቱን አየን። መርፌዎቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነበሩ።

"እውነቱን ነው" አለ ኦዴል።

"ምን ያስገርማል?" አለ ቨርሎን፣ እየተደፋፈረ። "ከየካቲት ጀምሮ ያለውን የሐይቁን ዓሣ ሁሉ ከየቦታው ለቅማችሁ እዚህ አይደል የምታራግፉት? የት ይሂድላችሁ? ታክሲ ይጥራ?"

እዚህ ላይ የሊቀ መንበራችንን የአእምሮ ልቀት ማድነቅ ግድ ይላል። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦ "በአንቀጽ ሦስት መሠረት ዓሣው ወደ ተፈጥሮ ኑሮው ተመልሷል። ደንብ ጥሶ እዚህ የሚቀር ዓሣ የለም። ደግሞስ ዓሣው እዚህ ከነበረ እኔ ግድቡ ድረስ ምን ልሠራ ሄድኩ?"

ብለውም ጣታቸውን ወደ መርፌዎቹ ቀሰሩ።

"ስለዚህ መሣሪያው ተበላሽቷል" አሉ።

"ይሄ መሣሪያ ስንቱን ወህኒ አውርዷል ወንድም ሌስተር!" አለ ኦዴል፣ ፊቱ ቀልቶ።

"እንግዲያው በሐቀኛ ሰው ላይ ይሞከር።"

ሐቀኛ ሰው ይውጣ ቢባል ሁላችንም ጫማችንን ማየት ስለጀመርን፣ ሌስተር ራሳቸው ቨርሎንን አስነሥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ስለ ዓሣ ዋሽተው ያውቃሉ?" አለ ኦዴል።

"በሕይወቴ አንድም ቀን!"

መርፌዎቹ ከወረቀቱ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። አንደኛዋ ተሰበረች።

"አያችሁ?" አሉ ሌስተር፣ ሽቦውን እየፈቱ። "የእኔን የመሰለ ንግግር ውሸት ካለ ጤነኛ አይደለም ማለት ነው። የቨርሎን ውጤት ተሰርዟል። ሌላ ዓሣ የያዘ ስለሌለም ዋንጫው፣ በሽግግሩ ወቅት ለታየው አመራር፣ ለሊቀ መንበሩ ይሰጣል።"

"ዓሣ ግማቱ ከአናቱ" አለች ናዲን፣ ድስቱ ውስጥ ያለውን እየገለበጠች። ማንም ስለምን እንደምትናገር አልጠየቃትም።

ቨርሎን ግን እንደ እብድ ሆነ። ሮጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሽቦውን በገዛ እጁ ደረቱ ላይ ጠመጠመው።

"መሣሪያው ጤነኛ ነው! አንዲት መርፌ ብትቀረውም ይሠራል! እውነቴን ነው ያሸነፍኩት! የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ ታያላችሁ!"

"የፈለግነውን?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ናዲን ሽርጧን እየፈታች መጣች። መንገድ ለቀቅንላት። ኦዴልም ቢሆን ኮፍያውን አወለቀ።

"ቨርሎን፣ ለነገሩ ከታሰርክ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእኔና ከጀልባህ ማንን አብልጠህ ትወዳለህ?"

ያኔ የመሳቅ ፍላጎቴ ጠፋብኝ፤ ሴትየዋ መልሱን በእውነት ትፈልገው ነበርና።

"አንቺን ነዋ ማሬ! ምን ጥያቄ አለው?"

የቀረችው መርፌ ብድግ ብላ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው።

ቨርሎን ወረቀቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያም ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሽቦው ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በሙሉ ድምፁ "ተበላሽቷል!" ብሎ ጮኸ። "ክቡር ሊቀ መንበር ልክ ናቸው! ይሄ ቆርቆሮ ተበላሽቷል! ዓሣውንም እዚህ አልያዝኩም፣ ዋንጫውንም አልፈልግም!"

በማኅበራችን ታሪክ አንድ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ፣ የተበደለውን ሰው ድምፅ ጨምሮ ሲጸድቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ሌስተር ዋንጫውን ታቅፈው ፎቶ ተነሡ። የቨርሎን አምስት ዓሣዎችም፣ ክብራቸው ተጠብቆ፣ ከመድረኩ ጫፍ ላይ በጭብጨባ ተለቀቁ።

ናዲን የባሏን አንገትጌ አስተካከለችለት። "አይዞህ" አለችው። "ከእኔ ካላስበለጥካት፣ ሰኞ ስትሸጥ አታለቅስላትም ማለት ነው።"

ሰኞ ዕለት የናዲን መኪና ጋራዥ ገባ። ጀልባዋን የገዙት ሌስተር ፕሩይት ናቸው። ቨርሎን ከሐዘኑ መካከል እንኳ ጨዋ ሰው ነውና አዲስ ባትሪ ልግጠምልዎት ቢላቸው፣ ሊቀ መንበሩ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ተው፣ ተው፣ እንዳትነካው፤ እንዲሁ መድረኩ ሥር ገፍተህ አስገባልኝ" አሉት።