ጎዱን የተሻገረው ባቡር

ከተማ ፈርሶ ሲሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያምረው ምን ይመስላችኋል? ጣራ ትሉ ይሆናል። እኔ የማውቀው በር ነው። ሐርጌሳ ላይ ከስደት የተመለሰ ሰው፣ ግድግዳው በወጉ ሳይቆም፣ ጣራው ገና ሸራ ሆኖ ሳለ፣ በር ያሠራ ነበር። የሚሰረቅ ንብረት ኖሮት አይደለም። በር ያለው ሰው እንግዳውን "ግባ" ማለት ይችላል። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔም ከድሬዳዋ የመጣሁት ለዚሁ ነው፤ የሌላው በር ለእኔ እንጀራ ነው። ነጃር ኢብራሂም ይሉኛል። ነጃር እዚህ አናጢ ማለት ነው። ብዙ አላወራም፤ መዶሻው ያወራልኛል።

አንድ ቀን 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ያለው አው ሐሰን አስጠራኝ። ሐርጌሳ ተወልዶ ድሬ ያደገ፣ በጅቡቲው ባቡር ላይ ፍሬን ይዞ ያረጀ ሰው ነው። "አንተ" ስለው አትቀየሙኝ፤ ድሬ አንቱታ አታውቅም። ለበር መስሎኝ የመለኪያ ገመዴን ይዤ ሄድኩ። እውነትም ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር በቆርቆሮ ተቸንክሮ ተዘግቷል። እሱን ልለካ ስል ሚስቱ አሚና፣ "ተወው፣ በዚያ የሚወጣ የለም" አለችኝ።

በጎን ዞረን ጓሮ ገባን። መሐሉ ላይ ጉድጓድ አለ። በሶማሊኛ ጉድጓድ "ጎድ" ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን "ጎደለ" ሊል ጀምሮ የተወው ይመስላል። የጎደለው ልጃቸው ነበር። በጦርነቱ የመድፍ ጥይት ወድቆ ጎዱን ሲቆፍረው ልጁ እዚያ ቆሞ ነበር። ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። አሚና ጎዱ ይደፈን ትላለች፤ አው ሐሰን አይደፈንም ይላል። ሁለት ትክክለኛ ሰዎች ከተጣሉበት ቤት ይሰውራችሁ።

አው ሐሰን ለልጁ ብሎ ከጅቡቲ የገዛው፣ በስደት ዘመን ሁሉ በከረጢት ይዞት የዞረ፣ በቁልፍ የሚሞላ የአሻንጉሊት ባቡር ከነሐዲዱ አለው። ሐዲዱ ጓሮውን ዞሮ ጎዱን በእንጨት ድልድይ ይሻገር ነው የሚለው። ሰፈሩ ሳቀ። ሰው በር አጥቶ እሱ ለአሻንጉሊት ድልድይ ያሠራል! ሻይ ቤት ስገባ፣ "ነጃር፣ ባቡሩ ዛሬ ድሬ ይገባል?" ይሉኛል። ዘግይቷል እላቸዋለሁ።

እንጨቱ ከወደቀው ጣራ የተረፈ ወራጅ ነበር፤ ጫፉ ከስሏል። ምስማሩን ነቅዬ፣ አቃንቼ፣ መልሼ መታሁበት። እግሮቹንም ቀጥ ቀጥ አድርጌ አቆምኩ። አው ሐሰን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ኢብራሂም፣ ይሄ አልጋ ነው።"

ልክ ነበር። ዕድሜውን በአልጋና በበር የፈጀ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? የባቡር ድልድይ ለካ ጆንያ እንደተሸከመ ሰው እግሩን ከታች ከፍቶ ነው የሚቆመው። አፈረስኩት። እንደገና ስንሠራ አወራኝ፤ ድሬ ባቡሩ ላይ ሳለ፣ በጦርነት ጊዜ የብረቱ ድልድይ ሲሰበርባቸው በእንጨት እየተኩ ባቡሩን በዝግታ ያሳልፉት ነበር። "ወንዙን ግን የደፈነ አልነበረም" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከቆርቆሮው ኋላ አሚና እንዳለች ሁለታችንም እናውቃለን።

የሙከራው ቀን ቁልፉን ሞላ፣ ቢስሚላህ ብሎ ለቀቀው። ባቡሩ ጓሮውን ዞረ፣ ድልድዩ ላይ ወጣ፣ እንጨቱ አጉረመረመ። መሐል ሲደርስ ቁልፉ አለቀና ቀጥ አለ። ልክ ከጎዱ በላይ። ልወርድ ስል አው ሐሰን ክንዴን ያዘኝ። የእሱ ጉልበት አያወርደውም፤ እኔንም ከለከለኝ። ጠርዙ ላይ ቆምን።

አሚና በጎን ዞራ መጣች። ግድግዳውን ታክካ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ወደ ጎዱ ወረደች። ባቡሩን በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ማዶ እስኪደርስ አልለቀቀችውም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ይሁን የልጁ ስም፣ አልሰማሁም።

እጅ ሰጥተን አወጣናት። አፈሩን ከቀሚሷ አራገፈች፣ ድልድዩን በመዳፏ ነቀነቀችው። አልተነቃነቀም። አው ሐሰን ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፍቷል። እሷ ግን የዞረችው ወደ እኔ ነው።

"ነጃር፣ እዚህ ለመምጣት ሁልጊዜ ቤቱን ስዞር ልኖር ነው? ያንን ቆርቆሮ ንቀልልኝ።"

ሰው የሚያምረው ምንድን ነው ብያችሁ ነበር? ገመዴን አወጣሁና በሩን ለካሁ።