ወንበር ይቀየር!

ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ሰው መዳቢ አይጠፋም። ማንም አይሾመው፣ ማንም አይሽረው፤ ብቻ በር ላይ ቆሞ «አንቺ ወደ ሽንኩርቱ፣ አንተ ወደ እንጨቱ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ» ይላል። እሱ ባይኖር ሙሽራው ሳይበላ ነበር የሚሸኘው።

ሞጣ ከገበያው በላይ ያለው የልብስ ስፌት ቤትም የራሱ መዳቢ አለው፤ ወይዘሮ ዘይዳ። ሠራተኞቹ ከጀርባዋ ፊታውራሪ ይሏታል። ወንበሮቹ በተርታ ናቸው፤ ቆራጩ ለሰፊው፣ ሰፊው ለጥላፊዋ፣ ጥላፊዋ ለቁልፍ ተካይዋ ያቀብላሉ፤ መጨረሻው ካውያ ነው። ልብሱ አንድ ዓይነት ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን እዚያ ቤት ሁሉም በልክና በምርጫ ነው የሚሰፋው፤ አንዱ ጥልፉ ጉልበቴ ድረስ ይውረድ ይላል፣ አንዷ ጥልፍ ያሳክከኛል ትላለች። ጥልፍ የበዛበት ሲመጣ ጥላፊዋ ፊት ይከመራል፣ ካውያው ሥራ ይፈታል። ያኔ ዘይዳ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ታጨበጭባለች።

«ወንበር ይቀየር!»

«ኧረ እትዬ፣ ገና ሳይሞቅ!» ይላል ሰፊው አምባቸው።

«እንቁላል ልትታቀፍበት ነው? ተነሣ!»

እንዲህ እያለች አንድም ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም።

ቁልፍ የሚተክሉት እማማ ፀሐይነሽ ናቸው፤ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ዓይናቸው ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ አልለይ ብሏቸዋል። ለማንም አልተነፈሱም፤ የማያይ ሰው ወንበር የለውማ። ደግነቱ ዕድል ሆኖ ነጭ ነጩ ሲደርሳቸው ከረመ።

አንድ ሐሙስ ከቢቸና የሰርግ ትእዛዝ መጣ፤ ለቅዳሜ የሚደርስ ዘጠኝ ነጭ ልብስና አምስት ጥቁር ካባ። ዘይዳ ጥላፊዋ ጋ ስትሯሯጥ የመጀመሪያው ካባ እማማ ጉልበት ላይ አረፈ። መርፌውን በግምት ሰኩት።

«ወንበር ይቀየር!»

አምባቸው እያጉረመረመ ተነሣ። «ጥቁር በመጣ ቁጥር እኮ ነው! ያኔ የቄሱ ካባ፣ ባለፈው የዳኛው ኮት፤ እኔን ቁልፍ ላይ፣ እማማን ካውያ ላይ። ምን አለበት ብትተዪን?»

«አንተ ሥራህን ሥራ» አለች ዘይዳ፣ ያለወትሮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እማማ መርፌውን እንደያዙ ቀሩ። ዕድል ያሉት ለካ ሜትር አንገቱ ላይ የጣለ ሰው ኖሯል።

ዘይዳ ጎንበስ ብላ ካባውን ከጉልበታቸው አነሣች። ቁልፉ ከቦታው አንድ ጣት ርቋል። ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገችው።

«ካውያው ጋ ይሂዱ፣ እማማ። እጥፉን እንደ እርስዎ ጣት የሚያውቀው የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?»

«ምኑ?» አለች፣ ክሩን ከአፏ ሳታወጣ።

ዓርብ ከሰዓት አሥራ አራቱም ታጥፈው ወደ ቢቸና ተጫኑ። ሰኞ ጠዋት ዘይዳ ገና ለማጨብጨብ እጇን ስታነሣ፣ እማማ ከሁሉም ቀድመው ብድግ አሉ።

«የት ልሂድ፣ ፊታውራሪ?»

ያን ስም ፊት ለፊቷ የጠራ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።