ክቡር ዶን ኤሊዮዶሮ እና ያከፋፈሉን ሙታን

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ሥልጣኑ ግን ከከንቲባው ይበልጣል። የሌላው ሰፈር ሹም የውሃ ቧንቧና የውሻ ጩኸት ይቆጣጠራል። የኛ ወደብ ሹም የሚቆጣጠሩት የሰመጡ እንግሊዞችን ነው።

ክቡር ዶን ኤሊዮዶሮ ካርካሞን ማለቴ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኛ ከቺሌ ዳርቻ ፊት ለፊት አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሰመጠ። ለሞቱት መርከበኞች መታሰቢያ ቆመላቸው፤ ድንጋይ፣ መልሕቅ፣ አርባ አንድ ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ። እኔ ከዱባ ጋር የተቦካ ሊጥ በዘይት እየጠበስኩ፣ ሶፓይፒያ የምሸጠው ከመልሕቁ አጠገብ ነው። ቦታውን የመረጥኩት ነፋስ ስለማይመታው ነበር። ጥፋቴ ይኸው ነው።

በኛ ዘንድ ሰው በድንገት ከሞተ፣ በሞተበት ቦታ ሻማ ይበራለታል፤ ዘመድ ከሌለው ጎረቤት ይረከበዋል። ዶን ኤሊዮዶሮ ይህን ልማድ ይዘው አንድ እሁድ ቤት ለቤት ዞሩና ሙታኑን እንደ ድመት ግልገል አደሉን።

«ኦርቴንሲያ፣ ያንቺ ኧርነስት ሆብስ ነው። የመርከቡ ምድጃ ውስጥ ከሰል የሚጨምር ነበር። እንዳንቺው እሳት ዳር የኖረ ነው፤ ትግባባላችሁ።»

«ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ጉልበቱ የማይታጠፍ ባልና ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። እንግሊዛዊ የት ላድርገው?»

«አይበላ፣ አይጠጣ። ምን ያስቸግርሻል?»

ምን ያስቸግረኛል! በየሳምንቱ ስሙን መወልወል አለብኝ። ሳሙና ካነሳሁ ከመንገዱ ማዶ ይጮሃሉ፦ «በኮምጣጤ! መርከበኛ በሳሙና አይታጠብም!» ደንበኛዬ መልሕቁን ከተደገፈ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ስለ ጦርነቱ ይፈተናል። ታናሿ ልጄ የተዳረች ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቀው «ሆብስ ጨው ለብሷል» አሉኝ። ሙሽራዋን እንኳን አልሳሟትም።

ለራሳቸው ያስቀሩት ዋልተር ፒም የሚባለውን፣ የመርከቡን ምግብ አብሳይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲዘንብም ሻማው ጠፍቶ አያውቅም። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ፒም ነበራቸው።

ባለፈው የሙታን ቀን እንደየዓመቱ ከእንግሊዝ የአበባ ጉንጉን የያዙ ሰዎች መጡ። አንዲት ወጣት መኮንን ዶን ኤሊዮዶሮን ለብቻ ጠርታ፣ እኛ ግን እየሰማን፣ በተሰባበረ ስፓኒሽ ነገረቻቸው። ሰሌዳው ሊቀየር ነው፤ አንድ ስም ሊወጣ ነው። ዋልተር ፒም መርከቡ ሳይሰምጥ በፊት ሌላ ወደብ ላይ ወርዶ ጠፍቶ ኖሯል። ጫማ ሰፊ ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ። ማስረጃውን ያመጡት የልጅ ልጆቹ ናቸው።

ከጎኔ የባሕር አረም የምትሸጠው ኔልዳ ዝም ማለት አልሆነላትም። «ወይ ዶን ኤሊዮዶሮ! እርስዎ የሚያለቅሱለት ሰው ለካ ቢራውን ጠጥቶ፣ ጠግቦ ነው የሞተው!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ዶን ኤሊዮዶሮ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ማንንም ሳይቆጡ ሄዱ። እሳቸው!

አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ሰው መልሕቁን ተደግፎ በላ፤ የፈተነው የለም። በሁለተኛው ሳምንት ኔልዳ ሳትቀር መንገድ መንገዱን ማየት ጀመረች። በሦስተኛው ዶን ኤሊዮዶሮ ዳቦ እንኳን ሊገዙ እንደማይወጡ ሰማሁ። ሁለት ሶፓይፒያ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄጄ በራቸውን ደበደብኩ።

«ሆብስ አረንጓዴ ሆኗል!» አልኩ ከውጭ። «በሳሙና ባሸው ባሰበት!»

ውስጥ ወንበር ተንቀሳቀሰ። በሩ ግን አልተከፈተም።

«ከፈለጉ እንካፈለዋለን» አልኩ። «ሰኞ የኔ፣ ሐሙስ የእርስዎ።»

ተከፈተ። ቀጥነዋል፤ ጺማቸው አድጓል። ሶፓይፒያውን እንደቆሙ በሉና ጣታቸውን ጠረጉ።

«የሰው ሙት አልወስድም» አሉ። «ደግሞስ ለምን? ሦስት ሳምንት ሳስብበት ነበር። ከአርባ አንዱ የተረፈው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ግን...»

«የኔ! ማን ጸለየለት?»

«ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ሰውየው ከመርከቡ ሲወርድ እርስዎ አልተወለዱም!»

«ለእግዚአብሔር ቀን መቁጠሪያ ማን ሰጠው? እናንተም የየራሳችሁን ደህና አድርጋችሁ ብትይዙ ኖሮ...» ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አወረዱ። «ለመሆኑ ኮምጣጤ አለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አይቻሉም። የራሳቸው ሙት ስለሌላቸው አርባውንም ይቆጣጠራሉ። ኔልዳን የሙትሽን ስም አነባበብ ካላስተካከልሽ ብለው በሰው ፊት ሦስት ጊዜ አስደግመዋታል። እኔ ሆብስን ወልውዬ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

«የመጨረሻዋ ፊደል!» ይጮሃሉ። «ኦርቴንሲያ፣ ዛሬም የመጨረሻዋን ፊደል ረሳሽ!»

አልረሳኋትም። በየሳምንቱ አስቤ ነው የምተዋት።