ከፒካኔ ጥላ ይነሱልኝ

ዘንድሮ ቆሞ የተገኘ ነገር ሁሉ «ጥቅምህ ምንድን ነው?» ይባላል። ሰውም ቢሆን። እኔን እስካሁን ያልጠየቁኝ አፌን ፈርተው ነው እንጂ፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ልጄ ግርማ የተቀመጥኩበትን ቦታ በዓይኑ ሲለካው አያለሁ። ለአንድ ኪራይ ክፍል ይበቃል።

ለጊዜው የተለካው ግን ፒካኔ ነው። ፒካን ታውቃላችሁ? አትፈሩ፣ እኛም አናውቅም ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አትክልተኛ ሆኖ ከሚሠራበት የፈረንጅ ግቢ ችግኙን በጣሳ ይዞ መጥቶ እዚህ ሰበታ ተከለው። የልጅ ልጄ ከስልኳ አንብባ እንደነገረችኝ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ነጭ ሳይደርስባቸው በፊት የአገሩ ሰዎች ፍሬውን ከወንዝ ዳር እየለቀሙ ብርዱን ይሻገሩበት ነበር። እኛስ? ዓመት አልፎ ዓመት መጣ፣ ዛፉ ምንም። ሲያፈራ ደግሞ ፍሬውን የገበጣ ጠጠር አደረግነው! ስንት ዘመን ምግባችንን ስንጫወትበት ኖርን፤ አንድ ቀን ይቺው የልጅ ልጄ ተሸንፋ ብትናደድ ጠጠሩን በዘነዘና አለችው። ውስጡ ቅቤ! ከዚያ ወዲህ ቆሎ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ለጾም እወቅጠዋለሁ፣ ቅርፊቱን እማግደዋለሁ፣ ቅርንጫፉም ለመጥረቢያ እጀታ የሚያህለው የለም።

ግርማ ግን «እማዬ፣ እሱ የያዘው ቦታ ሁለት ክፍል ይወጣዋል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በገዛ እናቱ ላይ ሽማግሌ ላከ!

በእኩለ ቀን መጡ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋቢያቸውን ሰብስበው የት ቢቀመጡ ጥሩ ነው? ፒካኑ ሥር። መቼም ሽማግሌ ጥላ ካላገኘ ነገር አይጀምርም።

«አዴ ወርቄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ «የልጅ ነገር ነው፤ ይቺን ዛፍ እንግዲህ...»

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ቤት ተቀምጠው ባለቤቱን አይሙ። ይነሱና እዚያ ፀሐዩ ላይ ሆነው ይንገሩኝ።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ተነሡ። አጥሩ ጥግ ሞከሩ፤ ቆርቆሮው ይጋረፋል። በሩን ከፍተው መንደሩን አዩ፤ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ብሎኬት። ያ ሁሉ ዛፍ ክፍል ሆኖ ተከራይቷል።

«ኧረ አዴ ወርቄ፣ ሊጨርሱን ነው!» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ገና ምን አይተው! ይሄን አስቆርጠው፣ ነገ የሚሸመግሉት የት ነው?»

ሳያስፈቅዱኝ ወደ ጥላው ተመለሱ፤ ግርማንም ጠርተው «ልጄ፣ ተወው» አሉት። አኮረፈ። ያኩርፋ! ሳኮርፍ የኖርኩ እኔ ማኩረፍ ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ።

ሰሞኑን ታዲያ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተጣልቶ ከረመና፣ ትናንት አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እማዬ፣ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ግቢያችን ይቀመጣሉ። ሌላ ቦታ ጠፋ።»

«ስንት ክፍል ይበቃችኋል?» አልኩት።