ዓይኔ ምን ሆነ?

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዓይኑ ከድቶት ሳለ ጥፋቱን በፀሐይ፣ በአቧራና በሌላው ሰው የሚያላክክ። የሐይቅ ከተማ ተወካይ ክቡር ጋሽ ኑርዬ ናቸው፤ የዓሣ መረብ ጠጋኝና ጎረቤቴ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ባለፈው ሰኔ ከቆመ ባጃጅ ጋር ተጋጩና ሾፌሩን ሰው መሐል እንዴት ታቆማለህ ብለው ልክ ልኩን ነገሩት። በገበያ ቀን ደግሞ የሰው ፍየል እየጎተቱ ቤታቸው ገቡ። ተሳስታ የተከተለቻቸው ፍየሏ ናት አሉ። መረቡን ግን በጣታቸው እየዳበሱ ሲቋጥሩ አንድ ቀዳዳ አያመልጣቸውም። እሱን ማስረጃ አድርገው ይከራከሩናል።

ባለቤታቸው እትዬ ራዚያ አልተታለሉም። ሰውዬው ብቻቸውን በታንኳ መውጣት ስላልተዉ፣ አንድ ቀን ሐይቁ ያስቀርብኛል እያሉ እህል አልበላ አላቸው።

ታዲያ ሲስተር ስህን ከጤና ጣቢያ መጥታ የሐይቁን ዳር ሰው ዓይን በስልኳ መመርመር ጀመረች። ስልኩ ላይ ሹካ የመሰለ ምልክት ይታያል፤ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። ተራቸው ሲደርስ ጋሽ ኑርዬ «ሽታው ልጄ፣ አንተ ቅደም» አሉኝ። አክብሮት መስሎኝ ደስ እያለኝ ቀደምኩ። ለካስ መልሴን በቃላቸው ሊይዙ ኖሯል!

ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ» ብለው አንበለበሉት። ሲስተር ስህን ግን ከእኔ በኋላ ኪሷ የከተተችውን ስልክ ገና አላወጣችም ነበር።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ራዚያ ብቻ አልሳቁም። ጠጋ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ኑርዬ፣ ፊቴን ካየኸው ስንት ጊዜህ ነው?» አሏቸው።

እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ሲስተር ስህን ስልኩ ላይ አነስተኛ መነጽር ገጥማ የጋሽ ኑርዬን ዓይን አየችና ሞራ እንደጋረደው፣ ደሴ ሄደው ቢገፈፍላቸው እንደሚያዩ፣ ቢቆዩ ግን ጭርሱን እንደሚጨልምባቸው ነገረቻቸው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ እትዬ ራዚያ ክንዳቸውን ይዘው።

ሞራው ተገፎ ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄጄ በሩ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ማን እንደሆንኩ ጠፋቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና «እስቲ ተናገር» አሉኝ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ እንኳን አላህ ማረዎት» አልኩ።

«ሽታው!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ስንት ዓመት ሙሉ በድምፄ ብቻ ሲወዱኝ ኖረዋል፤ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።