የጋሽ ከፍያለው ቶርፒዶ ጨለለቅቱ ገባ

አንድ ነገር ብቻ የሚያወራ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ስለ መኪና ሞተር ነው፤ ሌላው ስለ ንብ። ከኩላሊቷ ጠጠር ሌላ ወሬ የሌላት አክስትም አትጠፋም። ለእኛ ለዲላዎቹ የደረሰን ግን ሰርጓጅ መርከብ ነው።

ክቡር አድሚራል ከፍያለው (ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን እንጂ ተራ ባሕረኛ ነበሩ) ባሕር ኃይሉ ሲበተን ከምፅዋ መጥተው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ከፈቱ። ዲላ ላይ ከጉልበት የሚያልፍ ውሃ የሚገኘው ክረምት ሲገባ መንገዱ መሃል ነው። ይህ እሳቸውን አላሳሰባቸውም። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ተልከው ጥቂት ወራት ሰርጓጅ ውስጥ ከርመዋል፤ ከዚያ የወጡ አይመስለኝም።

ቧንቧ ልትገዛ ትገባለህ። ቧንቧውን አንሥተው እስክሪብቶ ይከቱበታል። አለቀልህ።

«ይሄ ቱቦው፣ ይሄ ቶርፒዶው፤ በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታው። ከኋላ በር አለ፣ ከፊትም በር አለ። ሁለቱ በር አንድ ላይ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ባሕሩ ቤትህ ገባ ማለት ነው። በኋላው ታስገባና ትዘጋለህ። የፊቱን ልክፈት ብትል አይከፈትልህም፤ ባሕሩ ተጭኖታል። ምን ታደርጋለህ?»

«እኔ እንጃ ጋሽ ከፍያለው። ቧንቧዋን ግን…»

«ረጋ በል። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ውሃ ታስገባለህ። የውስጡና የውጩ ሲተካከል በሩ ያለ ጸብ ይከፈታል። ከዚያ በታመቀ አየር ከኋላ ትገፋዋለህ። አየሩ አረፋ ሆኖ ወጥቶ ለጠላት እንዳያሳብቅብህ ደግሞ መልሰህ ወደ ውስጥ ትስበዋለህ።» እፍ ይላሉ፤ እስክሪብቶው ደረትህ ላይ ያርፋል። «ከዚህ በኋላ በራሱ ሞተር ይሄዳል» ይላሉ። ከመሬት የምታነሣው ግን አንተ ነህ።

ጎረቤታቸው ሀዲጃ ከቤት አከራይዋ ጋር ስትጣላ የሰጧት ምክር «መጀመሪያ ውሃው ይግባ» የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱቁን በሩቁ ነው የሚሸሹት። እኔም በጎማ ሠሪው በኩል ዞሬ ነበር የማልፈው።

ከዚያ መነንን ወደድኩ። ከዲላ ወዲያ ያለችው የጨለለቅቱ ከተማ ልጅ ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከአባቷ ከአቶ ሰብስቤ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላኩትን ሁሉ ሰውየው «ልጄ ገና ናት» እያሉ ሸኝተዋል። መነን ደግሞ «አባዬ እምቢ ካለ ጥዬው አልመጣም» ብላኛለች። እኔም ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ።

ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይላክም። ንግግር አዋቂው አቶ ባርናባስና አጎቴ ተገኙ፤ ሦስተኛ ጠፋ። በዚያ ቅዳሜ ሥራ የሌለው ጋሽ ከፍያለው ብቻ ሆኑ።

«እርስዎ አሜን ብቻ ይበሉ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ምን ገዶኝ» አሉ።

በሞተር ሳይክል ሄዱ። ብርዱና አቧራው የአቶ ባርናባስን ጉሮሮ ዘጋው። አቶ ሰብስቤ ደጃፉ ላይ «ቁጭ በሉ» ቢሏቸው፣ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ማለት ነበር፤ እሱ እንኳ አልወጣላቸው አለ። አጎቴ ዓይን አፋር ነው፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ያን ጊዜ ክቡር አድሚራል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኸውልዎ አቶ ሰብስቤ፣ ሁለት በር አለ» አሉ።

አጎቴ ማታ ይህን ሲነግረኝ ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አንድ ሳያስቀሩ አስረዱ። መነን ቶርፒዶ ሆና አረፈችው። «ልጅም በግድ አትወጣም» አሉ፤ «የቤቱና የውጩ ሆድ ይተካከል ብለን ነው የመጣነው።»

አቶ ሰብስቤ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱም «ቶርፒዶው ሲወጣ፣ የነበረበት ቦታስ?» አሉ።

ጋሽ ከፍያለውን ዲላ ላይ ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ድምፃቸው ተለወጠ፣ አለኝ አጎቴ።

«ባዶውን አይተውም» አሉ። «ከተተወ መርከቡ ከፊት ይቀለዋል፤ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል። ስለዚህ የወጣውን ያህል የሚከብድ ውሃ ወዲያው ይገባበታል። ከመተኮሱ ይልቅ አጥብቀው ያስተማሩን ይህንን ነው።»

«እኔ ቤትስ ምን ይገባል?» አሉ አቶ ሰብስቤ። «እሷ ከሄደች የማናግረው ሰው የለኝም።»

ጋሽ ከፍያለው ሚስትም ልጅም የላቸውም። «እኔም የለኝ» አሉ።

ሰውየው ተነሥተው ራሳቸው ወንበር አቀረቡላቸው። «ልጅቷን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። «ይሄን ሰውዬ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትልኩልኛላችሁ።»

ተጋባን። ጋሽ ከፍያለው ቅዳሜ በጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው ጨለለቅቱ ይሄዳሉ። አማቼ አሁን ከእሳቸው ጋር ይከራከራሉ አሉ። ሰፈራችንም ስንት ዓመት ስትመኝ የኖረችውን የአንድ ቀን እፎይታ አገኘች።

እፎይታው ግን አልጣፈጠኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ በጎማ ሠሪው በኩል መዞሬን ትቼ በዝጉ ሱቅ ፊት አልፋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቸው ሲከፍቱ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ምን ተሰበረብህ?» ይሉኛል።

«ምንም። ናፍቀውኝ ነው» እላቸዋለሁ።