የንቦቹ አዲስ ምልምል

በፀዳለ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ «የጎፋ ንቦች» የሚባል የቤዝቦል ቡድን ውድድሩን ጨርሶ ቆሟል። ሜዳው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ተጫዋቾቹም በሥጋ የሉም። ይሁን እንጂ እንደ ሰው ለጋ ሆነው ይመጣሉ፣ ይጎለምሳሉ፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ዓመት ባለፈ ቁጥር ያረጁት ይሰናበታሉ፣ አዳዲስ ምልምሎች ይተካሉ። ዓመቱ የሚያልፈው ግን የቡድኑ ባለቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ማሽኑ «ወደሚቀጥለው የውድድር ዘመን ይለፍ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ እስኪያገኝም ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ጥያቄውን ካቀረበ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ፀዳለ አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ትከፍተዋለች፤ ታነበዋለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች።

ቡድኑ የባለቤቷ የይርጋ ነበር። ይርጋ አባቶቻቸው በጦር ሜዳ ቀርተው በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት አንዱ ነው። እዚያ ደሴት ላይ፣ ጎን ለጎን ባለ አልጋ ይተኛ ከነበረው ከቶሎሳ ጋር፣ ጠዋት እየተማሩ ከሰዓት ብርቱካን እየለቀሙ አደጉ። ስፓኒሽ ለመዱ፤ ከሁሉ በላይ ግን ቤዝቦል ለመዱ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዱላውንም ጓንቱንም ይዘው መጡ፤ አብሯቸው የሚጫወት ግን ጠፋ። ሁለት ሰው ብቻውን ቤዝቦል አይጫወትም፤ አንዱ ወርውሮ ሌላው ከመታ፣ ኳሱን ማን ሮጦ ያመጣል? ከብዙ ዓመት በኋላ ጨዋታውን ኮምፒውተር ላይ ሲያገኙት የጠፋ ዘመድ ያገኙ ያህል ተደሰቱ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ የይርጋ ንቦች ከቶሎሳ «የጫሞ አዞዎች» ጋር ይገጥሙ ነበር።

ፀዳለ ሚዛን ፈታሽ ናት። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምራ የነጋዴውም የፋብሪካውም ሚዛን ልክ መሆኑን በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ስትሠራ ኖራለች። ከሁለቱ ጋር የተቀመጠችው በመጀመሪያ ለጨዋታው ብላ አልነበረም፤ ጠባቸው አላስነብባት ስላለ ነው። ማሽኑ አዲስ ምልምል ሲያመጣ ለክንዱ፣ ለፍጥነቱ፣ ለዐይኑ፣ ለትዕግሥቱ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡም ሆነ የተጻፈው ዕድሜ አንዳንዴ የተዛባ ስለሚሆን ባለቤቱ እንዲያስተካክለው ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ ነው ጠቡን ያመጣው። ይርጋ የራሱን ቡድን ልጆች ክንድ ሰማይ ያደርሰዋል፤ ቶሎሳ የእሱን ልጆች ሚዳቋ ያደርጋቸዋል።

አንድ እሑድ መጽሐፏን ዘግታ ፈረደችባቸው።

«አንደኛ፣ ማንም የራሱን ሚዛን ራሱ አይፈትሽም። ያንተን ልጆች ቶሎሳ ይመዝናቸዋል፣ የቶሎሳን አንተ። ሁለተኛ፣ ከምንም የሚጨመር ነገር የለም። ለአንዱ ከሰጣችሁ ከሌላው ቀንሱ።»

«ገበያ አደረግሽው እኮ!» አለ ይርጋ።

«ገበያማ ቢሆን የሁለታችሁንም ሱቅ አሽጌ ነበር።»

ሕጉ ጸና። እሷም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

ጨዋታውን ያስተማራት ይርጋ ነው። ሜዳው ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰሌዳ አለች፤ «ቤት» ትባላለች። መቺው ከቤት ይነሣል፣ ሦስት መቆሚያዎችን እየረገጠ ሜዳውን ይዞራል፤ ነጥብ የሚቆጠርለት ተመልሶ ቤት ሲገባ ነው። ከሰሌዳዋ ጀርባ ተንበርክኮ፣ ከሩቅ ወደ ቤት የሚወረወረውን ኳስ የሚይዘው ተቀባይ ነው። ሌሎቹ የቡድኑ ልጆች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ቤት ሲያደርጉ፣ እሱ ብቻ ወደ ውጭ ያያል። የሚመጣውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው፤ ጉልበቱም ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ለዚሁ ነው። ይርጋ ራሱን ከንቦቹ መሐል ሲያስገባ የመረጠው ይህንኑ ቦታ ነበር። ቶሎሳ በሕጉ መሠረት ሲመዝነው ከፍጥነቱ ቀንሶ ለክንዱ ጨመረለት፤ «ይሄ ሰው አይሮጥም፤ የያዘውን ግን አይለቅም» ብሎ።

ይርጋ ካረፈ በኋላ ቶሎሳ እሑድን አላቋረጠም። የፍራፍሬ ባለሙያ ነው፤ ልጅ ሳይወልድ ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል። ከአዋሽ ዳር አንድ የበሰለ ፓፓያ ይዞ ይመጣል፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ያጠብቃል፣ ከዚያ ተቀምጠው ይገጥማሉ። ንቦቹን አሁን የምትመራው ፀዳለ ናት። የሚጫወቱት ግን የወዳጅነት ግጥሚያ ነው፤ ውጤቱ አይመዘገብም፣ ማንም አያረጅም፣ ማንም አይመጣም።

አንድ ቀን የይርጋ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ዘነበች፣ በዚሁ መሐል ደረሱ። የቀረበላቸውን ፓፓያ ሎሚ ጨምቀው ቀመሱና ቶሎሳን አዩት።

«ይሄ ነገር እናንተ ሰፈር ይበቅላል እንዴ?»

«የለም እትዬ፣ ከአዋሽ ዳር ነው የማመጣው።»

«ታዲያ ስንት ቤት አልፎ ነው እዚህ የሚደርሰው!» ሌላ ቁራጭ አነሡ። «ጨዋታውስ? ማን ረታ?»

«አይቆጠርም እትዬ፣ የወዳጅነት ነው።»

«ውይ የኔ ልጅ! የወዳጅነት ጨዋታ እንዲህ አይረዝምም።»

ቶሎሳ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ በማያ ገጹ ላይ አፈጠጠ። እትዬ ዘነበች ሲወጡ ፀዳለን በር ላይ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። «እኔ የቀበርኩት ወንድሜን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺን አልቀበርኩም።» ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃውን ወረዱ።

ያን ቀን ፀዳለ ጨዋታው ላይ ልቧ አልነበረም፤ አዞዎቹ አሸነፏት። አይቆጠርም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ቶሎሳ አንድ እሑድ ባዶ እጁን መጣ።

«ፓፓያውስ?»

«ዛሬ ወሬ ነው የያዝኩት።» ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አርባ ምንጭ የሙዝ ገበሬዎች ማኅበር አለ። መጥተህ ምራልን ብለውኛል። ነገ መልሴን እነግራቸዋለሁ።»

«አዞዎቹስ?»

«አዞዎቹማ አገራቸው ገቡ!»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው።»

«ተጫዋቹ ቡድን ለመቀየር አልቸኮለም?»

«አልቸኮለም» አለ ቶሎሳ። «እዚህ ሊግ ውስጥ ዓመቱ ቆሟል፣ ፀዳለ። ዓመት በቆመበት ምልምል አይገባም። እሱም ቅር አላለውም፤ ከአሰላለፉ ውጭ ተቀምጦ ማየትም ጨዋታ ነው። ግን ከመሄዱ በፊት ስሙ በአሰላለፉ ይኖር እንደሆነ እንዲነገረው ይፈልጋል። ስሙ የለም ከተባለ፣ የለም ነው።»

ፀዳለ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ጥያቄው እንደቆመ አለ። ወደ ተጫዋቾቹ ዝርዝር ሄደች፤ ተቀባዩ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ስንት ጊዜ አይታዋለች! የሚዛን ፈታሽ ዐይኗ የነቃው ግን ዛሬ ነው።

«ይሄ ሰው እስከዛሬ እንዴት ቆየ? ማሽኑ እኩዮቹን ካሰናበታቸው ቆይቷል።»

«ጠንካራ ነው።»

«ጉልበቱ አልቆ ነበር። ያ የአዞዎቹ ረጅሙ ኳስ ወርዋሪህ ግን ገና በጉብዝናው ወጣ። ለምን ነበር የወጣው?»

«አረጀ።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።»

«ሠላሳ ስድስት ሆኖ ተገኘ።»

ፀዳለ ወንበሯን አዞረች። ከአንዱ ሳህን የጎደለ በሌላው ሳህን እንደሚገኝ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ሦስቱ ዓመት የት ገባ፣ ቶሎሳ?»

ቶሎሳ የቆቡን ጠርዝ ዳሰሰ። «ሕጉ ያንቺ ነው። ከምንም አይጨመርም። ይርጋ ሆስፒታል የገባ ሰሞን፣ ማሽኑ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያሰናብተው አየሁ። አንዱ ዕድሜ አጥሮታል፤ ሌላው የሚሰጠው አለው። ሰጠው።»

«እሱ አወቀ?»

«የኔን ልጆች የሚመዝነው እሱ አይደል? ከአልጋው ላይ ሆኖ አየው። ‹አንተ ሌባ፣ እንዲህ ያለውን ወርዋሪ በላኸው› ብሎ ሰደበኝ። ግን አልመለሰውም። ለሷ አትንገራት አለኝ። የሆነ ጊዜ ራሷ ትደርስበታለች አለ።»

ፀዳለ ወደ ጥያቄው ተመለሰች፤ መብራቱ ይሄዳል ብላ እንደፈራች ሰው፣ ፈጠን ብላ፣ ዓመቱ እንዲያልፍ ፈቀደች።

ማሽኑ የተሰናባቾቹን ስም አወጣ። መጀመሪያ ላይ፦ ይርጋ፣ ተቀባይ። የተሰጠው ሦስት ዓመትም አልቆ ነበር። ከስሙ ሥር አንድ አማራጭ ነበር፤ የማሊያው ቁጥር ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ የሚያደርግ። ያንን ነካችው። ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ልቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው፣ ማያ ገጹን አዩ። ማንም አላለቀሰም። ፀዳለ በሰው ፊት አታለቅስም፤ ቶሎሳም ይህን ስለሚያውቅ ተነሥቶ፣ ያጠበቀውን ቧንቧ እንደገና ሊያጠብቅ ወጥ ቤት ገባ።

ሲመለስ የምልምሎቹ ተራ ደርሶ ነበር። የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ሳበና አንድ ምልምል በራሱ እጅ ጻፈ። ጨርሶ ወደ እሷ ገፋው።

ስም፦ ቶሎሳ። ክንድ ሃምሳ፣ ፍጥነት ሃምሳ፣ ዐይን ሃምሳ፣ ትዕግሥት ሃምሳ። ማሽኑ የሰጠውን አልነካም።

«መዝኚው» አለ። «የራሴን አልመዝንም።»

ፀዳለ መነጽሯን አደረገች። መጀመሪያ ያየችው ዕድሜውን ነው።

«አርባ?»

«ማሽኑ ከዚያ በላይ አልጽፍም አለ።»

«የቀነስከውን ለማን ሰጠኸው?»

«ገና ነው» አለ ቶሎሳ። «ጠረጴዛው ላይ አለ።»

ፀዳለ ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አሳረፈች።

«ፍጥነት። አንዲት ቃል ለመናገር ይህን ያህል የቆየ ሰው ሃምሳ አይገባውም። ሃያ።»

«ሃያም በዝቶለታል።»

«ዝም በል፣ ሚዛን ላይ ያለ ዕቃ አይናገርም። የተረፈውን ለትዕግሥቱ። ክንድ፦ የበረታ ነው፤ ግን ቧንቧውን ሲያጠብቅ አበዛው፣ አሁን ለመክፈት ጉልበት ይጠይቃል። አርባ አምስት። ዐይን…» ቆመች። «ዐይኑ ጥሩ ነው። የእሱ ያልሆነ ኳስ ሲመጣ እጁን ሰብስቦ ያሳልፋል። አምስቷን ለዚህ።»

አራቱን ቁጥር ደመረች፤ ልክ መጣ። ከምንም የተጨመረ የለም። ከቁጥሮቹ ሥር «ወደፊት የሚደርስበት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ባዶውን ተወችው።

«ይሄንስ?» አለ ቶሎሳ።

«ይሄ በሚዛን አይታወቅም። እያደር ነው።»

ማሽኑ የመጨረሻውን ጠየቀ፦ የሚሰለፍበት ቦታ። ከጎኑ፣ ለማስታወስ ያህል፣ በቡድኑ ውስጥ ቀድሞ መሞላት ያለበትን ክፍት ቦታ ጽፎ ነበር። ተቀባይ።

ቶሎሳ እጁን ዘረጋ፤ ግን ቁልፉን አልነካም። «እዚያ አታስገቢኝ» አለ። እስካሁን ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነበር የሚነጋገሩት። «እዚያ የነበረውን አውቀዋለሁ።»

«አላስገባህም። እሱን ቦታ ራሴ ይዤዋለሁ።»

በዝርዝሩ ወረደች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መቆሚያ። ሁሉም ሰው አለበት። ከዚያ አልፎ ያለው ሰፊው ሣር ነው። ጥቂት አሰበችና ጻፈች።

«ግራ ሜዳ።»

«ሩቅ ነው» አለ ቶሎሳ።

«ሩቅ ነው። ፀሐዩም ዐይን ይወጋል። ሙሉ ቀን ኳስ ላይመጣም ይችላል።»

ቶሎሳ ከነጩ ሰሌዳ እስከ ሣሩ ጫፍ ያለውን መንገድ በዐይኑ ለካው። ቆቡን ከጉልበቱ አንሥቶ አደረገ፤ መልሶም አወለቀው።

«ነገ አርባ ምንጮችን ቡድን አግኝቷል ልበላቸው?»

ፀዳለ የጻፈችውን እንዳይጠፋ አስቀመጠችው። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች፤ የከሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ከሩቅ የሚቆም ሰው ኳስ ሲደርሰው ምን ያደርጋል፣ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያው ወደ ቤት ወርውር» አለች። «እቀበላለሁ።»